የግንኙነቱ ቦታ፦ ወጥ ቤት

የከተማው የግንባታ ቢሮ ምክትል ኃላፊ የእህቱን ብርጭቆዎች እያጠበ ነበር። ገና ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ክራባቱ ሳሙና እንዳይነካው ጫፉን በሸሚዙ ቁልፎች መሃል ወሽቆ፣ አንዱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ ያለቀልቃል። እህቱ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። አምስት ወር ሙሉ በዚህ ደጃፍ ዝር ያላለ ሰው፣ መኪናውን ሦስት ቤት አልፎ ጥግ ላይ አቁሞ፣ በእግሩ መጥቶ፣ ማንም ሳይለምነው ዕቃ ሲያጥብ ያየ ምን ይላል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላል። እሷ ግን ውሃ ጣደች።

“አየሽ? ሹመት ያልቀየረው ልጅ ማለት እንዲህ ነው!” አሉ እናታቸው ከሳሎን። በሩ ስለተከፈተ የልጃቸው ጀርባ ይታያቸዋል። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ቆሞ ሦስተኛው ከገባ አንዱ መውጣት ያለበት ዓይነት ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቷ የጎረቤቱን ግድግዳ ታያለች፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ እህትየው ደግሞ በሥራዋ ምክንያት ስንጥቅ ሲያይ ዝም የሚል ዓይን የላትም። የዩኒቨርሲቲው የግንባታ ዕቃዎች ላቦራቶሪ ዋና ቴክኒሻን ናት። በየሕንፃው ሲሚንቶና አሸዋው ተቦክቶ ወደ ምሰሶው ሲፈስ ከዚያው ድብልቅ ትንንሽ ድፍን ሳጥኖች ይቀረጻሉ፤ ኪዩብ ይሏቸዋል። ኪዩቦቹ እሷ ዘንድ መጥተው ሃያ ስምንት ቀን የውሃ ገንዳ ውስጥ ይተኛሉ፤ በሃያ ስምንተኛው ቀን በመጭመቂያው ማሽን እየተደቆሱ ስንት እንደቻሉ ይጻፋል። ኪዩቡ ከቻለ ምሰሶው ይችላል። ኪዩቦቹ ላይ የሕንፃው ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር የማን ሕንፃ እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር መዝገብ ቤት ተቆልፎበት ይቀመጣል። የሚሰብረው ሰው የማንን እንደሚሰብር አያውቅም። ይህን አሠራር ከአራት ዓመት በፊት ተከራክራ ያስገባችው እሷ ናት።

ሻይ ስትቀዳለት ወንድምየው እጁን በፎጣ አደረቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“ሚጣ፣ ስልሳ ሦስት ቁጥር ዛሬ ነው አይደል የሚሰበረው?”

ማንቆርቆሪያው አየር ላይ ቀረ። በአንድ አረፍተ ነገር የአራት ዓመት ሥራዋን ናደው። እንዴት ቁጥሩን አገኘው? ማን ነገረው? እሱ ግን የናደውን አላየም፤ እንደ ሰው ሁሉ ጭንቀቱን ብቻ ነው ያየው።

“የእናቶች ሆስፒታሉ አዲሱ ሕንፃ ነው። ሦስተኛው ፎቅ፣ አራስ ክፍሉ፣ ባለፈው ወር በጥድፊያ የተሞላው። ሐሙስ ትልቁ ሰውዬ መጥቶ ሪባን ይቆርጣል፤ አልጋዎቹ ነገ ይገባሉ። ስሚኝ፤ እንድትዋሺልኝ አይደለም፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጠይቅሽም። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ደብዳቤው ሳይወጣ ደውይልኝ። ስልክ ብቻ። ሁለት ቀን ስጪኝና ሐሙስ ይለፍ፤ ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ አስፈርሼ አሠራዋለሁ። በአባታችን!”

ከሻዩ እንፋሎት ጀርባ ፊቱን አየችው። ከስቷል። ዓይኖቹ ሥር ጠቁሯል። የሚያሳዝነው ነገር ውሸታም አለመሆኑ ነው፤ አፈርሰዋለሁ ካለ ያፈርሰዋል። በሁለቱ ቀናት ውስጥ ግን ሦስተኛው ፎቅ ላይ አልጋ፣ አልጋው ላይ አራስ፣ አራሷ እቅፍ ውስጥ ሕፃን፣ ዙሪያውን ደግሞ የሚያጨበጭብ ሰው ይኖራል። እህቱ ስኳር አስቀመጠችለት። ሻዩን ሳይበርድ ጨለጠው፣ ኮቱን ለበሰ፣ የእናቱን ግንባር ስሞ ወጣ።

“ወንድምሽ ከስቷል” አሉ እናትየው። “የጠየቀሽን አድርጊለት።”

“የጠየቀኝን ሰምተሻል እማዬ?”

“ምን መስማት ያስፈልገዋል? እህት አይደለሽ? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!”

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስትደርስ ሰርቪሱ ሠራተኛውን አራግፎ ሄዶ ነበር። ሽማግሌው ጥበቃ ከመቀመጫቸው ተነስተው ጠበቋት፤ እጃቸው ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ። መነጽራቸው ስለተሰበረ ጠዋት የገባውን ሰው ሁሉ “አንብብልኝ” እያሉ ቆይተዋል፤ ሁሉም እያነበበ፣ እየሳቀ፣ ትከሻቸውን መታ መታ እያደረገ አልፏል። እሷም አነበበችላቸው። የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። “ከመንግሥት ባለሥልጣን ጋር ያደረጉትን ግንኙነት በቅጹ ባለመመዝገብዎ” ይላል።

“ምን ግንኙነት አባባ?”

“እኔስ ምኑን አውቄ ልጄ! ባለፈው ሳምንት አንድ ጥቁር መኪና መስኮቱን ዝቅ አደረገና ‘የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ በየት ነው?’ አለኝ። በዚያ ነው አልኩት። በእጄ አሳየሁት። ለካ ግንኙነት ማድረጌ ኖሯል! ሚስቴ ከሰማች ቤት አታስገባኝም።”

አብራቸው ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ያ ጥቁር መኪና ይዞት የመጣው ሰውዬ ኃላፊው ቢሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ በሩ ተዘግቶ ተቀምጧል። ኬክ ሲገባ፣ ባዶ ሳህን ሲወጣ መላው ሕንፃ አይቷል። ኃላፊው ስንት ቅጽ ሞላ? መንገድ ያሳየ ይቀጣል፣ በመንገዱ የተጓዘ ይሾማል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉት ይሄንኑ ነው። መመሪያው ክፉ መመሪያ ቢሆን ባልተናደደች። መመሪያው ግን ደግ ነው። አስራ አራት ገጽ ነው፤ የወጣው ከዓመት ከስድስት ወር በፊት ነው፤ አንድ ጨዋ ሰው ተቀምጦ እንደጻፈው ከአረፍተ ነገሮቹ ያስታውቃል። ባለሥልጣን ስለ ሥራህ ሲያናግርህ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ ምን እንደጠየቀህና ምን እንደመለስክለት በዕለቱ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ጻፍ ይላል። በራስህ ስም ነው ወይስ በዩኒቨርሲቲው ስም የተናገርከው፣ ለይ ይላል። የጻፍከውን ለባለሥልጣኑም አስነብበው፣ ሰው ሳይሰማ አይከሰስም ይላል። ዘመድ ቢሆንም ይላል። ከወጣ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ሽፋኑን አይቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እሷ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ሁለት የቁጥር ስህተት አግኝታም ደብዳቤ ጻፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ “እሜቴ አንቀጽ” ሆኖ ቀረ።

“አይቅደዱት አባባ” አለቻቸው ወረቀቱን እያጠፈች። “ነገ አብረን ይግባኝ እንላለን።”

“ይግባኝ ለማን? ለኬኩ?” አሉ ሽማግሌው፤ በሩንም ከፈቱላት።

ላቦራቶሪው ምድር ቤት ነው። የውሃና የሲሚንቶ ሽታ አለው፤ በጋም ክረምትም ይቀዘቅዛል። ገንዳው ውስጥ ኪዩቦቹ ተደርድረው ተኝተዋል፤ በቀይ ቀለም የተጻፈው ቁጥራቸው በውሃው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ስልሳ አንድ። ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሦስት፣ ሦስት ፍሬ። ሌላ ቀን ቢሆን እጅጌዋን ሰብስባ ታወጣቸው ነበር። ዛሬ ቆማ ተመለከተቻቸውና ዞር አለች። ባልደረባዋ ሚዛኑን እየወለወለ ነው። ዶክትሬቱን ከጀመረ አስራ አንድ ዓመት ስለሆነውና የምርምሩ ጽሑፍ መቼ እንደሚያልቅ ሲጠየቅ ሁሌ አንድ መልስ ስላለው “ዶክተር ነገ” ይባላል። ሰነፍ ነው፣ ወሬ ይወዳል፣ የሰው እርሳስ ወስዶ አይመልስም። ማሽን ፊት ሲቆም ግን እጁ አይዋሽም፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክርለታል።

“ስልሳ ሦስትን አንተ ስበር” አለችው።

“ለምን? አንቺ ምን ሆነሽ?”

“የማን እንደሆነ አውቄዋለሁ።”

ጨርቁን አስቀመጠ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያላየችውን ቁም ነገር ያን ጊዜ ፊቱ ላይ አየች። “እንግዲያው አትንገሪኝ” አለ። “አንድም ቃል እንዳትነግሪኝ። ሂጂልኝ ከዚህ።”

ቅጽ ለመውሰድ ወደ ላይ ወጣች። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ፣ ለሁሉም እንደ ታላቅ እህት የሆነች ወፍራም ሴት፣ ቅጹን ለማግኘት ሁለት መሳቢያ ገለበጠች፤ በመጨረሻ ከአበባ ማስቀመጫው ሥር፣ ውሃ እንዳያልፍ ከተነጠፈው ወረቀት መካከል ሦስት ንጹሕ አገኘች።

“ደግሞ የትኛውን ባለሥልጣን አገኘሽ እሜቴ?”

“ወንድሜን። ጠዋት ቤት ሻይ ሊጠጣ መጥቶ።”

ጸሐፊዋ የያዘችውን ወረቀት መልሳ ልታስቀምጠው ፈለገች። “ተይ አንቺ! ወንድም ባለሥልጣን አይባልም። ወንድም ወንድም ነው።” ወሬው ግን በክፍሉ ቀጭን ግድግዳ በኩል አልፎ ኖሮ፣ ወዲያው ኃላፊው በሩን ከፍቶ ጠራት። ጠረጴዛው ሰፊ ነው፤ ከጀርባው ከባለሥልጣናት ጋር እየተጨባበጠ የተነሳቸው ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ በሁሉም ላይ ጥርሱ እኩል ነው።

“ተቀመጪ” አላት። አልተቀመጠችም። “ወንድምሽ ቤትሽ መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ይሄ ግንኙነት ይባላል?”

“የናሙና ቁጥር ጠርቶ ነው የጠጣው።”

“እሺ። አንቺ ዛሬ የወንድምሽን ሻይ ከጻፍሽ፣ ነገ እኛ ምን ልንጽፍ ነው?”

“የጠጣችሁትን።”

ከግድግዳው ወዲያ የጸሐፊዋ ሳል ተሰማ፤ ሳቅ መሆኑን ሁለቱም አውቀዋል። ኃላፊው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ ለቁጣ መልስ አታጣም። ይልቅ ተነስቶ መጥቶ እንደ አባት ድምፁን አለሰለሰ። “ቅጹ የሚገባበት መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ጋዜጠኛውም ጠላቱም ያየዋል። ወንድምሽ ከሥልጣን ይነሳል። የሚነሳው ደግሞ በሌባ ስም ነው። ያሳደገሽ እሱ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ምንም ግንኙነት አልነበረም በይና ሂጂ፤ ኪዩቡን እንደሁ ሌላ ሰው ይስበረው። ማን ተጎዳ?”

አባታቸው የሞተ ዓመት ታላቅ ወንድሟ ትምህርቱን አቋርጦ ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆነ፤ እሷ ደብተር እንድትይዝ እሱ ከረጢት ያዘ፤ በኋላ በማታ ተምሮ ነው እዚህ የደረሰ። ያንን ለመርሳት ድንጋይ መሆን ያስፈልጋል፤ እሷ ድንጋይ ስትሰብር እንጂ ድንጋይ ሆና አታውቅም። ማን ተጎዳ? ጥያቄው ከቢሮው እስክትወጣ ተከተላት። ደረጃው ላይ ስትደርስ መልሱ ገባት። ዛሬ ስልኩ ባይደወል ማንም አይጎዳ ይሆናል። ግን ቁጥሩን ለወንድሟ ያሾለከ ሰው አለ፤ ለእሱ ያሾለከ ለሌላውም ያሾልካል፤ የሌላው እህት ደግሞ ትደውላለች። ዝም የምትልበት ቀን በሩን ክፍት ትታ የምትሄድበት ቀን ነው።

ታች ማሽኑ ሲነሳ ሰማችው። ለሃያ ሁለት ዓመት ኪዩብ ስትሰብር ጆሮዋ ከማሽኑ ሰሌዳ እኩል ሆኗል። ጠንካራ ኪዩብ ሲሰበር እንደ ጥይት ይጮኻል፤ ደካማው እንደ ታማሚ ሰው ይተነፍሳል። ደረጃው ላይ ከቆየች ውጤቱን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች፤ ካወቀች ደግሞ ኪሷ ውስጥ ስልክ አለ፤ ስልኩ ውስጥ የወንድሟ ቁጥር አለ። እግሯ ሊቆም ፈለገ። ልቧም ልስማ፣ ልስማና ደህና ከሆነ ልረፍ አላት። እንደምንም ራሷን ጎትታ በጓሮ በር ወጣች፤ የመኪና ማቆሚያውን አቋርጣ፣ የስፖርት ሜዳውን ዞራ፣ ተማሪዎች ኳስ እየተራገጡ የሚጯጯሁበት ቦታ ሄዳ የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጩኸታቸውን እንደዚያን ቀን ወዳው አታውቅም። ራሷን ከፈተና ያሸሸችው እንዲህ ነው፤ ማንም አላያትም፣ ማንም አላጨበጨበላትም፣ ሽልማት የሚሰጥበት ሥራም አይደለም።

እዚያው ጉልበቷ ላይ ቅጹን ሞላች። የባለሥልጣኑ ኃላፊነት፦ ምክትል ኃላፊ። የግንኙነቱ ሰዓት፦ አስራ ሁለት ተኩል። የግንኙነቱ ቦታ፦ እዚህ ላይ “መኖሪያ ቤት” ብላ ጀመረችና እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ቀለሙ ተዝረከረከ። ያንን ቀድዳ ጥላ በሁለተኛው ቅጽ “ወጥ ቤት” ብላ ጻፈች፤ እውነቱ እሱ ነውና። ባለሥልጣኑ ምን ጠየቀ? “የናሙና ቁጥር ስልሳ ሦስት ውጤት መጥፎ ከሆነ ከደብዳቤው በፊት በስልክ እንድነግረው።” ብዕሯ እዚያ ቆመ። ሁለት ቀን ስጪኝ ያለው ቀርቷል። መንገር አንድ ነገር ነው፤ ማዘግየት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ያስወቅሳል፣ ሁለተኛው ያስነሳል። አንድ ተማሪ ጎል አግብቶ ሲጮህ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ነጥቡን አሳረፈችና ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች። ለጥያቄው ምን መለሱ? “ምንም አልመለስኩም። ሻይ ቀዳሁለት።” ዝምድና ወይም ጥቅም አለ? “ወንድሜ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው።” እሜቴ አንቀጽ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎዶሎ ቅጽ ሞላች፤ ማወቋም አንሶ ጎዶሎነቱ ደስ አሰኛት።

የወንድሟ መሥሪያ ቤት ከዩኒቨርሲቲው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። እሱ ከተሾመ ወዲህ ረግጣው አታውቅም። ሰባት ሰዓት ላይ ስትደርስ ኮሪደሩ በባለጉዳይ ሞልቷል፤ አግዳሚው አጭር ነው፤ ግማሹ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ግድግዳው በሰው ትከሻ ልክ በወዝ ጠቁሯል። በር ላይ ያለችው ልጅ ስሟንና ጉዳይዋን ጠየቀቻት። እህቱ ነኝ አላለችም። “ደብዳቤ ላስነብበው ነው” አለችና ስድስተኛ ተራ ያዘች።

“ታነቢለታለሽ?” አሉ አጠገቧ የቆሙ ሽማግሌ፣ የቤት ካርታ በላስቲክ ጠቅልለው የያዙ። “እሱ ማንበብ አይችልም እንዴ?”

“ይችላል አባባ።”

“ተመስገን። እኔ አራት ወር ሙሉ የጻፍኩለት ስላልገባው ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።”

ኮሪደሩ ሳቀ። እሷ ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ለወንድሟ ማፈሯ ነው ወይስ ስለ ወንድሟ መናደዷ፣ ለይታ አላወቀችውም። ተራዋ ሲደርስ ገባች። ቢሮው እሷ እንዳሰበችው አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ፋይል እስከ አገጩ ተከምሯል፤ መስኮቱ አንድ መስታወት ጎድሎት በካርቶን ተደፍኗል፤ እሱ ራሱ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ተቀምጧል። ሲያያት ብድግ አለ፤ ስልኩን ሳይሆን እሷን ራሷን በማየቱ ፊቱ አመድ መሰለ።

“ወደቀ?”

“አላውቅም። እኔ አልሰበርኩትም። አልሰማሁትም።” ወረቀቱን አቀበለችው። “ይህን ከማስገባቴ በፊት እንድታነበው መመሪያው ያዛል።”

ቆሞ አነበበ። ከዚያ ተቀመጠና እንደገና አነበበ። በእህትና በወንድም መካከል ያለ ዝምታ እንደ ሌላው ዝምታ አይደለም፤ ውስጡ የልጅነት ብርድ ልብስ አለ፣ የአባት ሳጥን አለ፣ ማን ማንን እንደተሸከመ አለ። ሁለቱም አንድም ሳያነሱ ሁሉንም አነሱት።

“በእማዬ ወጥ ቤት?” አለ በመጨረሻ።

“እዚያ ነዋ የጠየቅከኝ፣ ጋሼ።”

“ይሄን ስትጽፊ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?”

“ተንቀጥቅጧል። ይሄ ሁለተኛው ነው፤ አንዱን አበላሽቼዋለሁ።”

ፊቱ ቀላ። ጠረጴዛውን መታ፤ ከክምሩ አናት አንድ ፋይል ወደቀ። “ጠላት አጥቼ ነው? እዚህ ሕንፃ ውስጥ ወንበሬን የሚለካ ስንት ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ? አንቺ ደግሞ በገዛ እጅሽ...” አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ዓይኑ ወደ ወረቀቱ ተመልሶ ነበር። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ፣ ቃል በቃል ሄደበት። ከዚያ ቀና አለ፤ ቁጣው ፊቱ ላይ የለም።

“ሁለቱ ቀን የት አለ?”

የወደቀውን ፋይል አንስታ ክምሩ ላይ መለሰችው።

“ሁለት ቀን ስጪኝ ብዬሽ ነበር። እዚህ የለም።”

“ተውኩት።”

“ለምን?”

“ወንድሜ ስለሆንክ።”

ከኮሪደሩ የባለጉዳዮች ጫጫታ ይሰማል፤ አንዲት ሴት ስለ አንድ የጠፋ ፋይል ጮክ ብላ ታማርራለች። ወንድምየው ወደ በሩ ተመለከተ። ሰው እንዲህ ያለች ደቂቃ በሕይወቱ ብዙ አይገጥመውም። ማንም የማያውቅበት፣ የሚያውቀው አንድ ሰው ደግሞ በፍቅር አፉን የያዘለት ደቂቃ። ብዙዎች እግዜር ይስጥልኝ ብለው ያልፋሉ። ትላልቅ ወንበሮች ላይ የተቀመጡ፣ መጽሐፍ የጻፉ፣ ሐውልት የቆመላቸው ሰዎች አልፈዋል። በካልሲው የተቀመጠው ሲሚንቶ ተሸካሚ አላለፈም። ብዕሩን አነሳ። ቅጹ ግርጌ ላይ ባለሥልጣኑ አስተያየት ካለው የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያ፣ ትምህርቱን ሲያቋርጥ በቀረው በዚያ ትልልቅ የልጅ ጽሕፈቱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ “ከላይ ካለው በተጨማሪ ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ሐሙስ እስኪያልፍ ሁለት ቀን እንድትሰጠኝ ጠይቄያለሁ። የናሙናውን ቁጥር የነገረኝ የሕንፃው ተቋራጭ ነው። እህቴ እሺ አላለችም።” ፈረመበት።

ከዚያ ስልኩን አንስቶ የሕንፃውን ተቆጣጣሪ ጠራ። “የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ እስኪደርሰን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድም አልጋ እንዳይወጣ። አንድም! ሐሙስ? ሐሙስን እኔ ለሰውየው እነግረዋለሁ። አዎ፣ እኔው ራሴ ነኝ የምነግረው።” ስልኩን አስቀመጠ።

“ምሳ በልተሻል?”

“አልበላሁም።”

መሳቢያውን ስቦ የተጀመረ ብስኩት አወጣ። ሁለቱም ብስኩቱን አዩት።

“ይሄም ስጦታ ነው?”

“ከዚህም ያነሰ ስጦታ ነው።”

“ትገርሚኛለሽ” አለና ዓይን ዓይኗን እያየ ብቻውን በላው። እሷም በረሃብ አንጀቷ እያየችው ሳቀች፤ ከአምስት ወር ወዲህ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። ስትወጣ ካርታ የያዙትን ሽማግሌ “ግቡ አባባ፣ ዛሬ ይሰማል” አለቻቸው።

ዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ስትደርስ ለአስራ አንድ ሃያ ጉዳይ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ኮቱን ለብሶ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። ስለ ምን እንደመጣች ስትነግረው ግራ ገባው፤ መደርደሪያው ሥር ወንበር አቁሞ ወጥቶ አንድ ትልቅ መዝገብ አወረደ። መዝገቡ ከፋብሪካ እንደወጣ በላስቲክ እንደታሸገ ነው። ሁለት ሺህ ሠራተኛ ባለበት፣ ጥቁር መኪና በየቀኑ በሚመላለስበት ግቢ፣ ዓመት ከስድስት ወር ሙሉ ማንም አልከፈተውም። ላስቲኩን በምላጭ ቀደደው። የአዲስ ወረቀት ሽታ ወጣ። በመጀመሪያው ገጽ በመጀመሪያው መስመር አንድ ቁጥር ጻፈ።

“ቆይ አንዴ” አለችው። ብዕሩን ከእጁ ወስዳ ከወንድሟ ፊርማ ሥር አንድ መስመር ጨመረች፦ “ይህን እያወቅሁ ትቼው ነበር።” ፈረመችበት።

ሰውየው አገላብጦ አነበበ። “ይሄ እኮ ያስጠይቅሻል እሜቴ።”

“ይጠይቁኝ።”

“በሥራሽ የመጣ ነው፤ ምን አገባኝ” አለና ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ ሊያሳርፍ ሲል እጁ ቆመ። መመሪያው በወረቀቱ ላይ ያለ ጽሕፈት ሁሉ የማን እንደሆነ ይመዝገብ ይላል፤ እሱም ዛሬ ገና ነው ያነበበው። በትልልቁ የልጅ ጽሕፈት ላይ ጣቱን አደረገ። “ይሄ የመሃሉ የማን ነው?”

“የባለሥልጣኑ ነው” አለች። ሰውየው ሊጽፍ ጎንበስ ሲል ግን እጁን ያዘችው። ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ የተሸከመችው ነገር ቀና አደረጋት፤ ድምፏ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

“የወንድሜ ነው። እንደሱ ብለህ ጻፍልኝ።”